ምዕራፍ ስድስት፦ ከውስጥ የሚዘንበው

ሾፌር በዝናብ መሐል ማየት ሲያቅተው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዝናብ መጥረጊያው ማብሪያ ነው። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይራወጣል፤ እይታው ግን አይጠራም። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ያጨነቁራል፣ በመጨረሻም ከበሩ ኪስ ጨርቅ ይመዝዛል። ጨርቁን ባነሣባት ቅጽበት ሳያውቀው መስክሯል፤ የጋረደው ውሃ ያለው ከመስታወቱ ወዲህ ነው።

ስለ ክረምት መንዳት ሲወራ የሚነሣው ሁሌም የውጪው ነገር ነው፤ ጎርፉ፣ ጭቃው፣ የሚያንሸራትተው አስፋልት። እኔ በዚህ ምዕራፍ ወደ ውስጥ አደላለሁ። ለውጪው ዝናብ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ መሣሪያ ተገጥሞለታል። የውስጡን ዝናብ ግን የምናዘንበው እኛው ነን፤ ማቆሚያው ቁልፍ ፊታችን ላይ ተደርድሮ ሳለ አብዛኞቻችን አንነካውም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ዝናብ ሲጥል እግረኛው ጃንጥላውን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ኩሬ እየዘለለ ነው የሚሻገረው፤ መኪናውን አያየውም። የማይተያዩ ሁለት ሰዎች ዜብራ ላይ ሲገናኙ ቢያንስ አንደኛው ማየት ነበረበት። ፍሬን ያለው ደግሞ ሾፌሩ ነው።

የአሥራ አራት ሰው ትንፋሽ

አየር ውሃ ይሸከማል፤ የሚሸከመው መጠን ግን እንደ ሙቀቱ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ በማይታይ ተን መልክ ይይዛል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ መያዝ የሚችለው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ይጣበቃል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ሥር የሚያቸፈችፈው ላብ በዚሁ ሕግ የመጣ ነው። በመኪና ውስጥ አክንባሎው መስታወቱ ነው፤ ከውጭ ዝናቡ ያቀዘቅዘዋል፣ ከውስጥ ትንፋሽ ይነካዋል።

አሁን ስሌቱን በሚኒባስ ታክሲ እንሥራው። አንድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 50 ግራም አካባቢ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ታክሲው 12 ተሳፋሪ፣ ሾፌርና ረዳት ሲይዝ 14 ሰው ነው፤ በሰዓት 700 ግራም፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ማለት ነው። የታክሲው ሆድ በግምት 6 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ ያ ሁሉ አየር በ20 ዲግሪ ጢም ብሎ ሲጠግብ የሚይዘው ውሃ 100 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ፣ አየሩ ሲነሣ ፈጽሞ ደረቅ ቢሆን እንኳ ለመጥገብ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። የክረምት አየር ደግሞ ሲነሣም ደረቅ አይደለም። ትርፍ ከተጫነ፣ የረጠበ ጋቢና ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ ከተጨመረ፣ ከሜክሲኮ የተነሣ ታክሲ ሳር ቤት ሳይደርስ መስታወቱ ነጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ውጪው ዝናብ ነው፤ መስኮት ከፍቼ ጭራሽ እርጥበት ላስገባ?» ጥያቄው ትክክል ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ዝናብ እየጣለ ውጪው 14 ዲግሪ ቢሆንና አየሩ በውሃ ቢጠግብ፣ በሜትር ኩብ የያዘው 12 ግራም ነው። ይኸው አየር መኪና ውስጥ ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ መያዝ የሚችለው ከ19 ግራም በላይ ይሆናል። ሲገባ ጠግቦ የነበረው አየር ውስጥ ሲደርስ አቅሙ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ያን ባዶ ቦታ ከመስታወቱ ላይ ውሃ እየወሰደ ይሞላዋል። በዶፍ መሐል ያለ የውጪ አየር ከተዘጋ ታክሲ አየር ይደርቃል። ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ምዕራፉን የሚዘጋ አንባቢ ቢኖር ቅር አይለኝም።

ችግሩ ግን የፊዚክስ ብቻ አይደለም። መስኮት በአገራችን የጤና ጉዳይ ተደርጎ ነው የሚታየው። «ወንድሜ፣ መስኮቷን ዝጋት፣ ንፋስ ይመታኛል» ይባላል ከኋላ ወንበር። «ማዘር፣ ትንሽ ይታገሱን፣ ሾፌሩ አልታየውም» ይላል ረዳቱ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል!» መስኮቷ ትዘጋለች። በኮሮና ሰሞን የታክሲ መስኮት ክፈቱ ሲባል ብዙ ሰው በግድ ለምዶት ነበር፤ በሽታው ሲረሳ ልማዱም ተረሳ። እኔ በዚህ ክርክር ከረዳቱ ጎን ነኝ። መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት አያስፈልግም፤ ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት፣ በተለይ አንዷ ከፊት አንዷ በተቃራኒው ወገን ከኋላ ከሆነች፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ አየሩን በሰያፍ ትጎትተዋለች። በብዙ መኪኖች መስኮት ላይ ከላይ የሚለጠፈው ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ክዳንም የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ ዝናቡ እንዳይገባ ነው።

ወደ ጨርቁ እንመለስ። የላበ መስታወትን በጨርቅ መጥረግ፣ ይባስ ብሎ በእጅ መዳፍ፣ ለአንድ ደቂቃ ይጠቅማል፤ መስታወቱ እንደቀዘቀዘ፣ አየሩም እንደረጠበ ነውና ተመልሶ ይላባል። ከሁሉም የከፋው እጅ የሚተወው ቅባት ነው። ጉም ብለን የምንጠራው ነገር መስታወቱ ላይ የተሰደሩ ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ብርሃንን ወደፈለገችበት ትበትናለች፤ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ማታ እንደ ጸሐይ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ቅባትና አቧራ ባለበት መስታወት ላይ ውሃው ተሰብስቦ ጠብታ ይሠራል። በደንብ በጸዳ መስታወት ላይ ግን ስስ ሆኖ ይለጠፋል፤ ስስ ውሃ ደግሞ እምብዛም አይጋርድም። ስለዚህ ከውስጥ የጸዳ መስታወት ይላባል እንጂ ቶሎ አያሳውርም።

ውስጡ የሚቆሽሸው በእጅ ብቻ አይደለም። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በበጋ ጸሐይ ሲግል የሚለቀው ተን መስታወቱ ላይ እንደ ስስ ቅባት ይጋገራል። በዚያ ላይ ላቫጆ ቤት መኪናው ከታጠበ በኋላ ዳሽቦርዱን የሚያብለጨልጩበት ቅባት አለ። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ልጁም ጉርሻውን ይቀበላል፤ ቅባቱ ግን ቀስ በቀስ ወደ መስታወቱ ይሻገራል። የመኪናዬ ዳሽቦርድ እንዲያበራ አልፈልግም፤ ሲያበራ በመስታወቱ ላይ የራሱን ነጸብራቅ ይጥላልና። ለመስታወቱ የሚያስፈልገው ለብ ባለ ውሃ ላይ ጠብ የተደረገ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ወይም ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ማድረቅ ነው። ሶፍት አይሆንም፤ ብናኙን ትቶ ይሄዳል።

ሾፌሮች ከሾፌር የሚቀበሉት አንድ ዘዴ አለ፤ መስታወቱን ከውስጥ ሳሙና ቀብቶ ሳያለቀልቁ በደረቅ ጨርቅ ማሸት። ይሠራል፤ ሳሙና ውሃው ጠብታ እንዳይሠራ ያደርገዋልና። ነገር ግን የሳሙናው ስስ ቅሪት ማታ የመብራት ጭጋግ ይፈጥራል። የጎን መስኮት ላይ ቢደረግ አልቃወምም፤ የፊት መስታወት ላይ ግን አልመክርም።

ሁለት ቁልፎች

ጉሙን ማሸነፊያው መንገድ ሁለት ነው፤ መስታወቱን ማሞቅና አየሩን ማድረቅ። መኪናው ሁለቱንም ያውቃል። እኛ ግን ኤሲን የማቀዝቀዣ ማሽን ብቻ አድርገን ስለምናየው፣ ደጋ ላይ የሚኖር ሾፌር «ብርድ ላይ ብርድ» ብሎ በክረምት አይነካውም። ኤሲ ውስጥ አየሩ የሚያልፍበት ክፍል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋ ነው። እርጥብ አየር ሲያልፍበት ውሃውን እዚያው ጥሎ ይሄዳል፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ መኪናው ሥር ይንጠባጠባል። በሞቃት ቀን ከቆመ መኪና ሥር የምትታየው ንጹሕ ውሃ ከዚያ የመጣች ናት። ከዚያ በኋላ የደረቀው አየር በማሞቂያው በኩል አልፎ ሞቆ ይወጣል። ኤሲና ማሞቂያ ባላንጣዎች አይደሉም፤ አብረው ሲበሩ ደረቅና ሞቃት አየር ይሰጣሉ፤ መስታወት የሚፈልገውም እሱን ነው። በብዙ መኪኖች ወደ ላይ የሚጠማዘዙ ቀስቶች የተሳሉበትን የፊት መስታወት ቁልፍ ሲጫኑ ኤሲው ራሱ አብሮ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በመኪና ሥዕል ውስጥ የምትዞር ቀስት ያለችበት ነች። እሷ ከበራች መኪናው የውስጡን አየር ብቻ እያዞረ ይሰጣል፤ የውጪ አየር አይገባም። የአዲስ አበባ ሾፌር ቀለበት መንገድ ላይ የሲኖትራክ ጭስ ሲመጣበት ይጫናታል፤ ልክም ነው። ከዚያ ይረሳታል። አቧራውን ፈርቶ በጥር ያበራት ቀስት ሐምሌ ላይ ታሳውረዋለች። ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የምትታይ ነገር ቢኖር ይህች ቀስት ናት፤ መጥፋት አለባት።

ኤሲው ከሠራ በኋላ አንድ ጠባይ አለው። ቀዝቃዛው ክፍል ውሃ ተሸክሞ ሳለ ኤሲውን ብናጠፋውና ንፋሱ ቢቀጥል፣ ያ ውሃ ተንኖ በአንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ ይወረወራል። መስታወቱ በሰከንዶች ውስጥ ይነጣል። ብርድ ብርድ ሲለው ኤሲውን እየዘጋ፣ ሲላብበት እየከፈተ የሚነዳ ሾፌር ጉሙን ራሱ እየጠራው ነው። ከበረደዎት ሙቀቱን ይጨምሩ እንጂ ኤሲውን አይዝጉ።

ሌላም ምክንያት አለ ኤሲው በክረምት የማይሠራበት፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ መቆየቱ። የኮምፕሬሰሩ ላስቲኮች ዘይት የሚያገኙት ጋዙ ሲዘዋወር ነው። ለወራት ካልሠራ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጋዙ ይሾልካል፤ ሰኔ ላይ ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ይበራል እንጂ ቅዝቃዜ አይመጣም። በበጋም ቢሆን አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ነው። ንፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ የካቢኑን ፊልትሮ ያስወጡት። የከተማችን አቧራ ፊልትሮውን እንደ ብርድ ልብስ አድርጎት ታገኙት ይሆናል። መካኒክ ሲያስረዝም የሚውልበት ሥራ አይደለም፤ በብዙ መኪና ከጋቢናው የዕቃ ሳጥን ጀርባ በእጅ ይወጣል። ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው የውሃ መውረጃም የባሕር ዛፍና የጃካራንዳ ቅጠል ሲሞላው ውሃው ወደ ውስጥ መግቢያ ይፈልጋል፤ ምንጣፉ ሥር የተኛ ውሃ ካለ ደግሞ ምንም ቢደረግ መስታወቱ መላቡን አያቆምም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለያዙ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ቁጥራቸው በየቀኑ እየጨመረ ነው። በነዳጅ መኪና ሙቀቱ የሞተሩ ትርፍ ስለሆነ በነጻ ይገኛል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሙቀትም ቅዝቃዜም ከባትሪው ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ሰው ኪሎ ሜትር ለመቆጠብ ሁሉንም ያጠፋል፣ መስኮቱንም ይዘጋል። ቁጠባው ይገባኛል፤ እዚህ ላይ ግን ቦታው አይደለም። ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ኤሲውን ለብቻው ማሠራት ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል ከማሠራት ይቀላል፤ የተከፈተች መስኮት ደግሞ ከባትሪው ምንም አትወስድም።

ከመስታወቱ ወዲያ

አሁን ወደ ውጪው ዝናብና ወደ መጥረጊያው እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከአላባማ ለጉብኝት ኒው ዮርክ የሄደች ሜሪ አንደርሰን የምትባል ሴት፣ የከተማው ባቡር ነጂ በበረዶ ቀን ለማየት ሲል የፊት መስኮቱን ከፍቶ ሲነዳ አየች። ተሳፋሪውም ነጂውም ይንቀጠቀጣሉ። አገሯ ተመልሳ ከውስጥ በእጅ የሚጎተት፣ ውጪ ላስቲክ ያለው ክንድ ነደፈች፤ በ1903 የፈጠራ መብት ተሰጣት። መብቱን ሊገዛ የወደደ ኩባንያ አልነበረም። መብቱ በ1920 አበቃ፤ ካዲላክ በ1922 መጥረጊያን በመኪኖቹ ሁሉ ላይ መግጠም ሲጀምር ለሜሪ የሚከፈል ሳንቲም አልነበረም።

ከእሷ በኋላ ለረጅም ዘመን ብዙ መኪኖች መጥረጊያቸውን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ኃይል ነበር። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ጉድለቱ ግን ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ስበቱ ስለሚቀንስ መጥረጊያው ይዝላል። እንጦጦን በዶፍ መሐል ሲወጡ፣ እግር ነዳጁ ላይ ተጭኖ ሳለ፣ መጥረጊያው ቀጥ ሲል ማሰብ ነው። የድሮዋ ቮልስዋገን ደግሞ መስታወት ማጠቢያ ውሃዋን የምትረጨው በመለዋወጫ ጎማዋ ንፋስ ነበር። ዛሬ ሁሉም የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። እየቆመ እየተነሣ የሚጠርገውን ዓይነት የነደፈው አሜሪካዊው ሮበርት ከርንስ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው ከዓይን ቆብ እርግብግቢት ነው። ፎርድን ከሶ ከረጅም ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል።

ሞተሩ ቢሻሻልም ሥራውን የሚሠራው ያው ላስቲክ ነው። የላስቲኩ ከንፈር መስታወቱ ላይ ጋደም ብሎ ይሳባል፤ ዳር ደርሶ ሲመለስ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። ለስላሳ ከሆነ የሚተወው ውሃ እጅግ ስስ ነው፤ ወዲያው ይተናል። ከደረቀ ግን መገለበጥ ያቅተዋል፤ እየዘለለ ይጮኻል፣ መሥመር መሥመር ውሃ ትቶ ያልፋል። የእኛ አገር መጥረጊያ ዋና ጠላት ዝናብ ሳይሆን በጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአብዛኛው ሥራ ፈትቶ በጋለ መስታወት ላይ ተኝቶ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ጸሐይ ሲጠበስ ከርሞ፣ ሰኔ ላይ «በል ጥረግ» ይባላል። አብዛኛው ሰው መጥረጊያው መበላሸቱን የሚያውቀው በመጀመሪያው ዶፍ፣ ማታ፣ ትራፊክ ውስጥ ነው። በግንቦት ውሃ ረጭቶ መሞከር፣ መሥመር ከተወ ላስቲኩን መቀየር ነው። በደረቅ አቧራ ላይ መጥረጊያ ማስነሣት ግን አሸዋን መስታወቱ ላይ ማሸት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ውሃ።

አዲስ ላስቲክ ገጥመውም መስታወቱ ከተዥጎረጎረ ጥፋቱ የቅባት ነው። ከናፍጣ ጭስ፣ ከአስፋልትና ከዘይት የሚነሣ ስስ ንጣፍ መስታወቱን ይለብሰዋል፤ መጥረጊያው ያንን ከውሃ ጋር እያዋሐደ ይቀባዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። በንጹሕ ውሃ ሲያጥቡት ውሃው እንደ መጋረጃ አንድ ላይ ከወረደ መስታወቱ ጸድቷል፤ እየተቆራረጠና ጠብታ እየሠራ ከቆመ ቅባት አለበት። ማጠቢያ ታንኩ ውስጥም ንጹሕ ውሃ ይሁን፤ ከቦይ የተቀዳ ውሃ አፍንጫውን ይደፍነዋል።

ከፊት የሚሄድ ከባድ መኪና ዝናብ ከሚያወርደው በላይ ውሃ ያወርድባችኋል፤ ያውም ጭቃ የተቀላቀለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይበላል። የጭቃው ውሃ መስታወቱን ሲመታ ደንግጦ ማብሪያ እስኪፈልጉ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ፣ 44 ሜትር በጨለማ ተነድቷል። ልማዱ መሆን ያለበት ቀድሞ ነው፤ ለመቅደም ፍሬቻ ከማብራት ጋር መጥረጊያውንም ወደ ፈጣኑ ማድረስ። ሁለቱን ፍሬቻ አንድ ላይ እያበለጨለጩ በዝናብ መንዳትንስ ማን እንዳስለመደን አላውቅም፤ ወደየት እንደምትታጠፉ ለኋለኛው መንገሪያው ያ ፍሬቻ ነበር።

ስፖኪዮ

ስፖኪዮን ስለ ሌባ ብዙ እናስብበታለን፤ ታርጋ ቁጥር እናስቀርጽበታለን፣ በብረት እናሳስረዋለን። ስለ ዝናብ ግን አናስብበትም። መጥረጊያ የለውም፤ መኪናው የሚሰነጥቀው አየር ከጀርባው እየተሽከረከረ ጠብታ ያመጣበታል፤ ጠብታው ደግሞ ለመውረድ ክብደት እስኪያገኝ እዚያው ይቆማል።

መሐንዲሶች በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። አንደኛው ውሃው መስታወቱን እንዲጠላ የሚያደርግ ቅባት መቀባት ነው፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ይንከባለላል፣ ፍጥነት ሲጨምር በነፋስ ይገፋል። ይህ ለፊት መስታወት በአውራ ጎዳና ጥሩ ነው፤ ነፋስ በማያገኘውና መኪናው በሚያዘግምበት ቦታ ግን ጠብታው ተደርድሮ ይቀራል። ሁለተኛው ውሃው መስታወቱን እንዲወድ ማድረግ ነው፤ ጠብታ ሳይሠራ ተዘርግቶ እንደ ስስ ሽፋን ይለጠፋል። አንዳንድ የጃፓን ቶዮታዎች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ቀለም ያለው ስፖኪዮ እንዲህ ያለ ሽፋን የተቀባ ነው፤ ብዙ ሰው የማታ መብራት መቀነሻ ብቻ ይመስለዋል። በእንዲህ ያለ ስፖኪዮ ላይ የመኪና ሰም የሚቀባ አጣቢ ሥራውን አበላሸው ማለት ነው። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል።

በብዙ መኪኖች የኋላ መስታወቱን የሚያሞቁት ቀጫጭን መሥመሮች ሲበሩ ስፖኪዮውም ከውስጥ ይሞቃል፤ ቁልፏ የተወለጋገዱ ቀስቶች ያሉባት አራት ማዕዘን ናት። ብዙ ባለመኪና ይህች ቁልፍ ለስፖኪዮም እንደምትሠራ አያውቅም። ስፖኪዮው ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ ተራ መስታወት ተቆርጦ ከተለጠፈበት ግን ሙቀቱም አብሮ ሄዷል፤ በተሳፋሪው በኩል ከሆነም ቆልመም ያለውና ሰፊ የሚያሳየው መስታወት በጠፍጣፋ ተተክቷል። ርካሽነቱ እዚህ ላይ ነው የሚያከትመው።

ሙቀት ለሌለው ስፖኪዮ ከጨርቅ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም፤ መብራት ላይ ሲቆሙ መስኮት ዝቅ አድርጎ መጥረግ። ደግሞ ያው መስኮት ተከፈተ።

ቁልቁለቱ ላይ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የተገለበጠበት ቦታ አለ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ላይ ቀዝቃዛውን ጭጋግ ሰንጥቆ፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውም በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ላይ የቀዘቀዘው መስታወት ታች ካለው ሞቃትና እርጥብ አየር ጋር ሲገናኝ የሚላበው ከውጭ ነው። ሾፌሩ ኤሲውን ወደ መስታወቱ ባነፈሰ ቁጥር መስታወቱን ይብስ ያቀዘቅዘዋል፣ ጉሙም ይጠነክራል። በዱባይና በጅዳ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ የባሕር ዳርቻው የበጋ ሌሊት አየር በውሃ የተሞላ ስለሆነ፣ ኤሲ ያቀዘቀዘው መስታወት ዝናብ ሳይኖር ከውጭ ይነጣል።

የቱ ወገን እንደላበ ለማወቅ በጣት ከውስጥ አንድ መሥመር ማስመር ይበቃል። መሥመሩ ከጠራ ውስጡ ነው፤ ወደ ደረቅ አየሩ። ካልጠራ ውጪው ነው፤ መጥረጊያውን ማስነሣት፣ ቀዝቃዛውን ንፋስ ከመስታወቱ ወደ እግር ወይም ወደ ፊት ማዞር። ጣርማ በር ላይ ያለው ጭጋግ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ አየሩ ራሱ ነው የታወረው። እዚያ ረጅም መብራት ማብራት ብርሃኑን ወደ ራስ ዓይን መመለስ ስለሆነ አጭሩን ይዞ ማዝገም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይታይበት ዶፍ አለ። ያኔ ይቁሙ። አስፋልቱ ዳር ግማሽ ጎማ አስገብተው ሳይሆን ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወርደው፣ ከጎርፍ መውረጃና ከገደል ሥር ርቀው ይቁሙ፤ ሁለቱ ፍሬቻ የሚበራው አሁን ነው። ሞተሩ አይጥፋ፣ ንፋሱ ወደ መስታወቱ ይንፈስ፣ ተሳፋሪ ካለ መስኮቱን ትንሽ ትንሽ ይክፈት። ዶፉ ሲያባራ ከመነሣትዎ በፊት ወርደው ሁለቱን ስፖኪዮና የኋላ መብራቶቹን ይጥረጉ፤ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የእርስዎን መኪና የሚያየው በነሱ ነው።